በሿሚያቸው ላይ የፈረዱ ዳኛ፤ አርተር ቻስካልሰንን በኅዳር ወር ሳስታውሳቸው

ኅዳር ለእኔ የፍርድ ወር ነው። በወሩ 12ኛ ቀን የአዲስ አበባ ሰፈሮች ቆሻሻቸውን ሰብስበው የሚያቃጥሉበት፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው የቆየ ልማድ አለ። ጭሱ ገና ከአፍንጫችን ሳይጠፋ ኅዳር 14 ይደርሳል። በ1967 ዓ.ም. በዚያ ሌሊት ደርግ፣ ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮችን አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኮንንን ጨምሮ፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በወሩ ማብቂያ ደግሞ ኅዳር 29 አለ፤ በ1987 ዓ.ም. ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥት የጸደቀበት ዕለት ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ኅዳር 22 ቀን 2005 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 2012)፣ በጆሃንስበርግ ከተማ አንድ የ81 ዓመት አዛውንት አረፉ። አርተር ቻስካልሰን ይባላሉ። የአፓርታይድ መንግሥት ሊሰቅላቸው ያሰባቸውን ሰዎች የተከራከሩ ጠበቃ፣ በኋላም የነጻይቱ ደቡብ አፍሪካ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ነበሩ። ማረፋቸውን በሰማሁ ጊዜ ስለ እርሳቸው ልጽፍ አስቤ ሳልጽፍ ቀረሁ። አሁን ብዕሬን ያነሣሁት አንዲት ተማሪ ባቀረበችልኝ ጥያቄ ምክንያት ነው።

የአፍሪካ ሕገ መንግሥቶችን ታሪክ በማስተምርበት ክፍል፣ ስለ ፍርድ ቤት ነጻነት እየተነጋገርን ሳለ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «ዶክተር፣ ለመሆኑ ዳኛ በሾመው ሰው ላይ ፈርዶ ያውቃል?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። እኔን ያሳዘነኝ ሣቁ ነው። ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም፤ ልጆቹ የሣቁት መልሱን የሚያውቁት ስለመሰላቸው ነው። በዚያን ዕለት ጊዜ አንሶኝ በአጭሩ የመለስሁላትን ዛሬ በሰፊው ልመልስላት። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልሁባቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ጠበቃው በሪቮኒያ ችሎት

ቻስካልሰን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 24 ቀን 1931 በጆሃንስበርግ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የንግድ ትምህርት፣ ቀጥሎም ሕግ አጠኑ፤ በ1956 በጆሃንስበርግ የጥብቅና ሥራ ጀመሩ። በደቡብ አፍሪካ የሕግ ባለሙያው እንደ እንግሊዞቹ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ባለጉዳዩን ተቀብሎ ሰነዱን የሚያዘጋጅ ነው። ሁለተኛው አድቮኬት የሚባለው፣ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ቆሞ የሚከራከረው ነው። ቻስካልሰን ከሁለተኛዎቹ ወገን ነበሩ። ነጭ፣ የተማሩና ባለ ብሩህ ተስፋ ወጣት ስለነበሩ ዐርፈው ቢቀመጡ ኖሮ የሚጎድልባቸው አልነበረም።

በ1963 የአፓርታይድ ፖሊሶች ከጆሃንስበርግ በስተ ሰሜን ሪቮኒያ በተባለ ሥፍራ፣ ሊሊስሊፍ የሚባለውን እርሻ ወረሩና የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስን የኅቡዕ መሪዎች ያዙ። በዚያን ጊዜ ኔልሰን ማንዴላ በሌላ ክስ አምስት ዓመት ተፈርዶባቸው እስር ቤት ነበሩ፤ ሆኖም ከተያዙት ጋር ተደርበው አንደኛ ተከሳሽ ሆነው ቀረቡ። ክሱ የአሻጥርና የፍንዳታ ተግባር መፈጸም፣ ለሽምቅ ውጊያ ሰዎችን መልምሎ ማሠልጠን የሚል ነበር። በ1962 የወጣው ሕግ ለዚህ ወንጀል የሞት ቅጣት ፈቅዶ ነበር። ከተከሳሾቹ ጎን የቆሙት ጠበቆች ብራም ፊሸር፣ ቨርነን ቤራንጄ፣ ጆኤል ጆፌ፣ ጆርጅ ቢዞስ እና በዕድሜ ገና ወደ 32 የሚጠጉት ቻስካልሰን ነበሩ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ጠበቆቹ የሚከራከሩበት ሕግ ክፉ ሕግ ነበር፤ ያወጣው ፓርላማ የጥቁሩ ሕዝብ ድምፅ የሌለበት ነበር። ታዲያ በእንዲህ ያለ ችሎት መከራከር ምን ይጠቅማል? የቻስካልሰን መልስ በሥራቸው ውስጥ ይገኛል። የመጀመሪያው ክስ በቀረበ ጊዜ ጠበቆቹ ክሱ በግልጽ እንዳልተዘረዘረ፣ እንዲያውም ማንዴላ እስር ቤት ሳሉ በተፈጸሙ ድርጊቶች ጭምር እንደተከሰሱ አሳዩ፤ ዳኛው ኳርተስ ደ ዌትም ክሱን ውድቅ አደረጉት። ዐቃቤ ሕጉ ፐርሲ ዩታር እንደ ገና አርመው ማቅረብ ግድ ሆነባቸው። በመጨረሻው ክርክር ቻስካልሰን ተነሥተው፣ ከተዘረዘሩት ፍንዳታዎች ብዙዎቹ በሌሎች ቡድኖች እንደተፈጸሙና የኡምኾንቶ ዌ ሲዝዌ ሥራ ስለመሆናቸው ማስረጃ እንዳልቀረበባቸው ተከራከሩ። ዳኛው ነጥቡን ተቀበሉት። ቀጥለው ፊሸር፣ የሽምቅ ውጊያ ለመጀመር ገና ውሳኔ አልተላለፈም የሚለውን ለማስረዳት ሲነሡ ዳኛው ይህንንም መቀበላቸውን ገለጹ።

ጁን 12 ቀን 1964፣ በእኛ ሰኔ 5 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ማንዴላና ሰባት ጓዶቻቸው ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። አንድ ተከሳሽ ቀድሞ በነጻ ተለቅቆ ነበር። የዓለም መንግሥታት ጩኸት፣ የተከሳሾቹም ድፍረት ለዚህ ውጤት የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም ነጥብ በነጥብ የተደረገው ክርክር ዳኛው ሞትን ከመፍረድ የሚመለሱበትን የሕግ መንገድ ከፈተላቸው። ከስቅላት የዳኑት ሰው ከ30 ዓመት በኋላ የሀገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ኮልፌ ላይ የቀረው ሌላው ሰው

ይህን ታሪክ ስናወራ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቆረቁር ነገር አለበት። ማንዴላ ያ ክስ የመጣባቸው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በእኛው ሀገር ነው። በ1962 አዲስ አበባ መጥተው በኮልፌ የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ሠልጥነዋል፤ ሥልጠናውን በበላይነት ይከታተሉ ከነበሩት አንዱ በዚያን ጊዜ ኮሎኔል የነበሩት ታደሰ ብሩ ናቸው።

የሠልጣኙንና የአሠልጣኙን መጨረሻ እስኪ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሠልጣኙ በዘረኛ መንግሥት ችሎት ቆመው፣ ጠበቃ ተከራክሮላቸው፣ ከገመድ ዳኑ። አሠልጣኙ ጄኔራል ታደሰ ብሩ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሞት ተፈርዶባቸው ቅጣቱ ወደ እስራት ተለወጠላቸው፤ በ1967 ዓ.ም. ግን ደርግ ገደላቸው። አፓርታይድን ለማመስገን አይደለም ይህን የምለው፤ እርሱ የሠራው ግፍ የታወቀ ነው። እኔን የሚከነክነኝ እንዲያ ባለ ሥርዓት ውስጥ እንኳ የክርክር በር በትንሹ ተከፍቶ ሲቆይ፣ «በሕግ አምላክ» ሲባል መንገደኛ በሚቆምበት በእኛ ሀገር ያ በር እንዴት እንዲያ በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ቻለ የሚለው ነው።

ሀብት የሚያስገኘውን ጥብቅና የተዉ ሰው

ከሪቮኒያ በኋላ ቻስካልሰን በሙያቸው ከፍ ከፍ አሉ፤ በ1971 የከፍተኛ ጠበቃነት ማዕረግ አገኙ። የንግድ ኩባንያዎች የሚፈልጓቸው፣ ክፍያቸውም ከፍ ያለ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ይህን ሁሉ ትተው፣ ለድሆች በነጻ የሚከራከር ሊጋል ሪሶርስስ ሴንተር የተባለ ማዕከል ከባልደረቦቻቸው ጋር አቋቋሙና እስከ 1993 ድረስ መሩት።

የማዕከሉ ስልት ቀላል ይመስላል። ሕጉ ክፉ ቢሆንም ቃሉን ይዞ መንግሥትን በራሱ ቃል መሞገት ነው። ሁለት ጉዳዮችን ብቻ ላንሣ። በከተማ የመኖር መብት በተገደበበት ዘመን፣ ወይዘሮ ኮማኒ የተባሉ ሴት ኬፕ ታውን አጠገብ በጉጉሌቱ ከባላቸው ጋር እንዳይኖሩ ተከለከሉ። ሕጉ በከተማ የመኖር መብት ያለው ሰው ሚስት አብራው እንድትኖር ይፈቅዳል፤ የአስተዳደሩ ደንብ ግን የማደሪያ ፈቃድ ካላወጣች አትኖርም ይላል። በ1980 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ደንብ ሕግ የሰጠውን ሊነሣ አይችልም ብሎ ፈረደ። ሁለተኛው አቶ ሪኮቶ የተባሉ ሠራተኛ ናቸው። ሕጉ ለአንድ አሠሪ ሳያቋርጥ 10 ዓመት የሠራ ሰው በከተማ የመኖር መብት አለው ይላል። ባለሥልጣናቱ ደግሞ ሠራተኛውን በየዓመቱ ውል ለማደስ ወደ ትውልድ ቀበሌው ይልኩትና «ሥራህ ተቋርጧል» ይሉታል። ፍርድ ቤቱ በ1983 ይህን ብልሃት አፈረሰው። ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲያድሩ፣ ሠራተኛ ልጆቹን ወደ ከተማ እንዲያመጣ ያስቻሉት እነዚህ ደረቅ የሚመስሉ የቃል ትርጉም ክርክሮች ናቸው። የይለፍ ሕጎቹ ራሳቸው በ1986 ተሻሩ።

ብዙ ወዳጆቼ «ክፉ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ መከራከር ሥርዓቱን ማስዋብ ነው» ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ በደቡብ አፍሪካም ቻስካልሰንንና ባልደረቦቻቸውን በዚህ የተቿቸው ነበሩ። እኔ ግን ወይዘሮ ኮማኒን ብጠይቃቸው ኖሮ ምን ይሉ ነበር እላለሁ። «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል፣ ሰው ንብረቱን ከማጣቱ ይልቅ ሳይሰማ መፈረዱ እንደሚያንገበግበው ይነግረናል። ማዕከሉ ላልተሰማው ሰው ቢያንስ የመሰማት ዕድል ሰጠው።

የናሚቢያም ነገር እዚህ ላይ ሳይነሣ አይታለፍም። ያን ጊዜ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል በነበረችው ሀገር ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን በ1960 በሄግ የዓለም ፍርድ ቤት የከሰሱት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ነበሩ። በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው፣ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ውድቅ ተደረገ። ያ ሽንፈት ከደረሰ ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ የነጻይቱ ናሚቢያ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ከተጋበዙት የሕግ አማካሪዎች አንዱ ቻስካልሰን ሆኑ። እኛ በሄግ ያጣነውን ነገር ጫፍ እኚህ ሰው በዊንድሁክ አገኙት ማለት ነው።

የመጀመሪያው መዝገብ

በ1994 ማንዴላ ፕሬዚዳንት በሆኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቻስካልሰንን የአዲሱ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አድርገው ሾሙ። ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1995 ሲመረቅ ማንዴላ ተገኝተው፣ ከዚያ ቀደም ለመጨረሻ ጊዜ ችሎት የቆሙት ሞት ይፈረድባቸው እንደሆነ ለመስማት እንደነበር አስታወሱ። በማግስቱ ችሎቱ ያየው የመጀመሪያ ጉዳይ ደግሞ የሞት ቅጣት ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነበር።

ተከሳሾቹ እንደ ማንዴላ የነጻነት ታጋዮች አልነበሩም። ማክዋንያኔና ምቹኑ በዘረፋ ላይ አራት ሰው ገድለዋል ተብለው የተፈረደባቸው ናቸው። ሀገሪቱ በወንጀል ትታመስ ነበር፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ነፍሰ ገዳይ ይሰቀል የሚል ነበር። በሞት ፍርድ ተይዘው የሚጠባበቁት ከ300 በላይ ነበሩ። ጁን 6 ቀን 1995 አሥራ አንዱም ዳኞች በአንድ ድምፅ የሞት ቅጣትን ለነፍስ ግድያ የሚፈቅደውን ሕግ ሻሩት፤ ዋናውን ፍርድ የጻፉት ቻስካልሰን ናቸው።

ያንን ፍርድ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስነብባለሁ። ቻስካልሰን የሕዝቡን አስተያየት አልናቁም፤ ብዙኃኑ የሞት ቅጣትን ይደግፋል ብለን እንውሰድ ብለው ይነሣሉ። ቀጥለው ግን የሕዝብ አስተያየት ብቻውን ወሳኝ ቢሆን ኖሮ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ባላስፈለገ ነበር ይላሉ፤ ፍርድ ቤቱ የተተከለው በድምፅ ብልጫ መብታቸውን ማስከበር ለማይችሉ፣ ከኅብረተሰቡ ለተገፉና ደካማ ለሆኑ ነው፤ ከሁላችንም የከፋውንና የደከመውን ለመጠበቅ ፈቃደኛ ስንሆን ብቻ የሁላችንም መብት ይጠበቃል። ከዚያም በተግባር የሚሰቀለው ማን እንደሆነ ያሳያሉ። ሞት የሚፈረድበትና የማይፈረድበት የሚለየው በወንጀሉ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ድህነት፣ ዘር፣ የደረሰው ጠበቃ ችሎታ፣ የዳኛው ጠባይ ሁሉ ይገቡበታል። ይህን የጻፈው እጅ ከ31 ዓመት በፊት በፕሪቶሪያ ችሎት የሰውን ነፍስ ለማትረፍ ማስታወሻ ይጽፍ የነበረው እጅ ነው።

የእኛን ሕገ መንግሥት ከዚህ ጋር ስናነጻጽረው፣ አንቀጽ 15 የሰው ሕይወት በሕግ በተደነገገ ከባድ ወንጀል ምክንያት በቅጣት ሊያልፍ እንደሚችል ፈቅዷል። ደቡብ አፍሪካውያን ያን ፍርድ በሰሙበት በግንቦት 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የእኛው ሕገ መንግሥት ጸድቆ ሥራ ላይ የሚውልበትን ነሐሴ 15 ይጠባበቅ ነበር። በአንድ ዘመን የተወለዱ ሁለት ሕገ መንግሥቶች ናቸው፤ ያደጉበት ቤት ግን ለየቅል ነው።

በሿሚያቸው ላይ

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ደረስሁ። ያው በ1995 ዓመት፣ የመጀመሪያው የአካባቢ ምርጫ ሊደረግ ሲል፣ ፓርላማው አንድን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በአዋጅ እንዲያሻሽሉት ሥልጣን ሰጣቸው። ማንዴላም በዚያው ሥልጣን ተጠቅመው አዋጅ አወጡ። አዋጁ የምዕራብ ኬፕን ክፍለ ሀገር አስተዳደር ሥልጣን የሚነካ ነበር። ክፍለ ሀገሩን የሚያስተዳድረው ደግሞ አፓርታይድን ያቆመው፣ ማንዴላን 27 ዓመት ያሰረው ናሽናል ፓርቲ ነው። ፓርቲው ፕሬዚዳንቱን በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ሁኔታውን በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉት። ከሳሹ የትናንቱ ጨቋኝ ነው። ተከሳሹ በዓለም የተከበረ የነጻነት አባት፣ የዳኛው ሿሚና የቀድሞ ደንበኛ ነው። ምርጫው የሳምንታት ጉዳይ ነው። «ለጊዜው እንለፈው፣ ሀገር ትረጋጋ» ለማለት ከዚህ የተሻለ ሰበብ የት ይገኛል?

ሴፕቴምበር 22 ቀን 1995 ቻስካልሰን ዋናውን ፍርድ ጻፉ። ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ለአስፈጻሚው አሳልፎ፣ ራሱ ፓርላማው ያወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ እንዲሽር ሊፈቅድ አይችልም፤ ስለዚህ የማንዴላ አዋጆች ሕገ መንግሥቱን ይጻረራሉ አሉ። ምርጫው እንዳይናጋ ለፓርላማው ስሕተቱን የሚያርምበት አጭር ጊዜ ሰጡት። ማንዴላም ፍርዱን ወዲያው በይፋ ተቀበሉ፤ ፓርላማው ተሰብስቦ ሕጉ ተስተካከለ፤ ምርጫው በኖቬምበር ተካሄደ። ሰማይ አልወደቀም፤ የማንዴላም ክብር አልተቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ።

በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ሁለት ዓመት ደክመው፣ ሜይ 8 ቀን 1996 ያጸደቁት የሕገ መንግሥት ረቂቅ ለፍርድ ቤቱ ቀረበ። በስምምነቱ መሠረት ፍርድ ቤቱ ረቂቁን በ34 መርሖዎች መዝኖ ማረጋገጥ ነበረበት። በሴፕቴምበር 6 መርሖዎቹን የማያሟላባቸው ነጥቦች አሉ ብሎ መለሰው። ታርሞ ሲመጣ በዲሴምበር 4 አጸደቀው፤ ማንዴላም ዲሴምበር 10 ቀን በሻርፕቪል ፈረሙበት።

የዳኛው ነጻነት የሚፈተነው በሿሚው ላይ በመፍረድ ብቻ አይደለም፤ ለሿሚው በመፍረድም ይፈተናል። የራግቢ ፌዴሬሽን መሪ የነበሩት ሉዊስ ሉይት ከማንዴላ ጋር በተካሰሱ ጊዜ፣ ፕሬዚዳንቱን በ1998 ፕሪቶሪያ ችሎት አስቀርበው በምስክርነት አስጠየቋቸው። ጉዳዩ በይግባኝ ወደ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሲደርስ፣ ቻስካልሰንን ጨምሮ ዳኞቹ ከማንዴላና ከፓርቲያቸው ጋር የቆየ ቅርርብ ስላላቸው ይነሡልኝ አሉ። ፍርድ ቤቱ በ1999 ሰፊ ምክንያት ጽፎ ጥያቄውን አልተቀበለም፤ በፍሬ ነገሩም ለማንዴላ ፈረደ። ይህን ፍርድ ሕዝቡ አምኖ የተቀበለው ለምን ይመስላችኋል? በ1995 የተፈረደውን አይቶ ስለነበረ ነው።

ያልተፈወሰ ቁስል

ሙት ወቃሽ አትበሉኝና፣ ሰውየውን መልአክ አድርጌ ማቅረብ አልሻም። በ1997 ቲያግራጅ ሱብራሞኒ የተባሉ የደርባን ነዋሪ ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ፣ የመንግሥት ሆስፒታል የእጥበት ሕክምና እንዲሰጣቸው ከሰሱ። ማሽኖቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ ሆስፒታሉ የመዳን ተስፋ ላላቸው ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ቻስካልሰን በጻፉት ፍርድ፣ የሀብት እጥረት ባለበት ሀገር ሐኪሞች በቅን ልቡና ያደረጉትን ምርጫ ፍርድ ቤት ሊያፈርስ አይገባም ተባለ። ሱብራሞኒ ከፍርዱ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ። የሕግ ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይኸው ፍርድ ቤት በ2002 መንግሥት የኤች አይ ቪ ቫይረስ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚረዳውን ኔቪራፒን የተባለ መድኃኒት በሕዝብ ሆስፒታሎች እንዲያቀርብ አዘዘ። ሁለቱን ፍርዶች አብሮ ያነበበ ሰው፣ ዳኛ ከማንም በላይ የሚቸገርበት ሥፍራ የት እንደሆነ ይረዳል።

ሌላም አለ። የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን በ1997 የሕግ ሙያተኞች በአፓርታይድ ዘመን ስለነበራቸው ድርሻ ሲመረምር፣ ዳኞች በአካል ቀርበው እንዲናገሩ ጋብዞ ነበር። ቻስካልሰንን ጨምሮ ከፍተኛ ዳኞች የጽሑፍ አስተያየት ላኩ እንጂ በአካል የቀረበ ዳኛ አልነበረም፤ ኮሚሽኑም ይህን ነቀፈ። ሕዝብ ሁሉ ቀርቦ ሲናዘዝ ዳኞች መቅረታቸው፣ የነጻነት ጥበቃ ይባል እንጂ ጠባሳ ትቶ አልፏል ብዬ አምናለሁ።

ቻስካልሰን ከ2001 ጀምሮ የሀገሪቱ ዋና ዳኛ ተብለው በ2005 ጡረታ ወጡ፤ በቦታቸው ፒየስ ላንጋ ተተኩ። ዕረፍት ግን አልወደዱም። ፀረ ሽብር ሕጎች በሰብአዊ መብት ላይ ያደረሱትን ጉዳት የመረመረውን ዓለም አቀፍ የሕግ ሊቃውንት ቡድን መሩ፤ ሪፖርቱ በ2009 ወጣ። ለሞት ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው እንኳ፣ በኖቬምበር 2012፣ በሕግ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ቆመው፣ የራሳቸው ወገን የሆነው መንግሥት ያረቀቀው የጥብቅና ሕግ የጠበቆችን ነጻነት ይነካል ብለው ተቃወሙ። በደም ካንሰር ታመው ዲሴምበር 1 ቀን አረፉ። ማንዴላ በዓመቱ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 2013 ተከተሏቸው።

ለእኛ የሚተርፈን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉባኤ ጆሃንስበርግ ሄጄ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱን ሕንፃ ጎበኘሁ። በ2004 የተከፈተው ሕንፃ የቆመው፣ ጋንዲም ማንዴላም በታሰሩበት በአሮጌው ምሽግ ግቢ ውስጥ ነው። የፈረሰው የቀጠሮ እስረኞች ማቆያ ጡቦች ለችሎቱ ግድግዳ ተሠርተውበታል። ዳኞቹ በሚቀመጡበት ችሎት ውስጥ ረጅም ጠባብ መስኮት አለ፤ ከውጭ የሚያልፈው ሰው እግር ብቻ ይታይበታል። ጫማ የተጫማውም ያልተጫማውም ያልፋል፤ ፊቱ አይታይም። ከዚያ ቆሜ ብዙ አሰብሁ።

በንጉሡ ዘመን ዙፋን ችሎት ነበረን፤ የመጨረሻው ዳኛ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። በደርግ ዘመን የኅዳር 14ቱን አየን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰጠ። አሥራ አንድ አባላት ያሉት፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሚሰበስበው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፖለቲካ አካል የሆነው የምክር ቤቱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ጉባኤው ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን ሲሰማ ተመልክተናል፤ ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሕገ መንግሥት ክርክር በአደባባይ ያየንበት ነበር። ውሳኔውን የሰጠው ግን ምክር ቤቱ ነው። ይህን አወቃቀር የሚደግፉ ወገኖች ምክንያት አላቸው፤ ሕገ መንግሥቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚዎቹም የእነርሱ ተወካዮች ይሁኑ ይላሉ። የእኔ ጥያቄ ግን አጭር ነው፤ በዚህ አወቃቀር ውስጥ የምዕራብ ኬፕ ዓይነት ክስ ቢቀርብ፣ ከሳሹም ገዢው ፓርቲ የሚጠላው ወገን ቢሆን፣ ቻስካልሰን የጻፉትን ፍርድ የሚጽፈው ማን ነው?

ደግሞ ተቋሙ ብቻውን አይበቃም። ያንኑ ፍርድ ቤት ሕንፃውንና ሕጉን ሳይነኩ፣ ሿሚውን በሚፈራ ሰው ቢሞሉት የ1995ቱ ፍርድ አይጻፍም ነበር። የተሸነፈው ፕሬዚዳንትም ፍርዱን አሻፈረኝ ቢል ኖሮ ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ መገናኘት ነበረባቸው፤ መፍረድ የሚችል ወንበር፣ ለመፍረድ የማይፈራ ዳኛ፣ ሲፈረድበት የሚቀበል ሹም። ሦስቱም በአንድ ዘመን የተገናኙባት ሀገር ዕድለኛ ናት፤ ዕድሉን ግን ከ1964 ጀምሮ በችሎት የደከሙ ሰዎች አዘጋጅተውት ነበር።

እንግዲህ ለተማሪዬ መልሴ ይህ ነው። አዎን፣ ዳኛ በሾመው ሰው ላይ ፈርዶ ያውቃል፤ ስማቸውም አርተር ቻስካልሰን ይባላል። ነገ ከተማሪዎቼ መካከል ጠበቃ የሚሆን፣ ዳኛ የሚሆን፣ ምናልባትም የሚሾም ይኖራል። ያን ዕለት የሣቁት ልጆች በዚያን ጊዜ ይህን ታሪክ ካስታወሱ ለእኔ ይበቃኛል።

ለዳኛው ነፍስ ዕረፍትን፣ ለሀገራችን የሚያኮራ ችሎትን እመኛለሁ።